የእንጀራ ፍለጋ እንግሊዝኛ፤ ከካላክላ ለተነሡና በዚያም ላሉ ሥራ ፈላጊዎች የሚጠቅም ትምህርት

እያንዳንዱ ቋንቋ የክትና የዘወትር አለው። የክቱ በትምህርት ቤት፥ በመጽሐፍና በመንግሥት ደብዳቤ ላይ ይገኛል፤ የዘወትሩ ግን በገበያ፥ በወጥ ቤት፥ በጋራዥና በመሥሪያ ቤት ደጃፍ ይነገራል። የእኛ ሰው እንግሊዝኛን የሚማረው ከመምህርና ከመጽሐፍ ስለ ሆነ የክቱን ይዞ ይወጣል። በቀጣሪ ፊት በቀረበ ጊዜ ግን ጠያቂው በዘወትሩ ይናገረዋልና፥ ቃሉን ሁሉ እያወቀ ነገሩ ይጠፋበታል። ስለዚህ ሙያ ሳያንሰው፥ ንግግሩ ስላልገባው ብቻ ሥራ የሚያመልጠው ሰው አለ።

ይህ ትምህርት የተጻፈው እንደዚህ ላለው ወገን ነው። ቃላቱን ሁሉ በእኛው ፊደል ጽፈናቸዋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያ በሚሆንበት ስፍራ ዓ.ም. የሚለው ምልክት ተጨምሮበታል።

1ኛ. ካላክላና እንግሊዝኛ የተገናኙበት ምክንያት

ካላክላ ከካርቱም ከተማ በስተደቡብ፥ በነጭ ዓባይ አጠገብ ወደ ጀበል አውሊያ በሚወስደው መንገድ የምትገኝ ሰፊ ሰፈር ናት። ከእኛ አገር በልዩ ልዩ ዘመን ወደ ሱዳን የተሻገሩ ሰዎች ከኖሩባቸው የካርቱም ሰፈሮች አንዷ ናት። በካላክላ አል-ለፋ ገበያ የሚሰማው ቋንቋ ዐረብኛ ነው። ሻይ ለማፍላት፥ በሱቅ ለመቀጠርና በሰው ቤት ለማገልገል ዐረብኛ ይበቃል፤ በመንገድ ዳር ሻይ የምትሸጠውን እኅት አገሬው «ሲት ሻይ» ይላታል፥ ሥራንም «ሹግል» ይለዋል። ታዲያ እንግሊዝኛ በዚህ መካከል ምን አመጣው?

ሱዳን ከ1899 እስከ 1956 በእንግሊዝና በግብጽ የጋራ አስተዳደር ሥር ነበረች። በ1902 የተከፈተው የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ፥ ኋላ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የሆነው፥ ለብዙ ዘመን በእንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። በ1929 የተመሠረተው የኮምቦኒ ኮሌጅም የእንግሊዝኛ ትምህርት ስፍራ ሆኖ ታውቋል። በ1990ዎቹ ዐረብኛ የዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሲሆን እንግሊዝኛ ደከመ፤ ነገር ግን በ2005 የወጣው ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት ሁለቱንም የመንግሥት የሥራ ቋንቋ አደረጋቸው። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት የሰላም ልዑክ ወደ ሱዳን ገብቶ እስከ 2011 ቆየ። ልዑኩ፥ ኤምባሲዎችና የርዳታ ድርጅቶች ሾፌር፥ ወጥ ቤት፥ ዘበኛ፥ ጽዳት ሠራተኛና አስተርጓሚ ይፈልጉ ነበርና፥ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሐበሻ ከዐረብኛው ገበያ የተሻለ ደመወዝ የሚያገኝበት በር በዚህ በኩል ነበረ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ድርጅቶቹ ተዘጉ ወይም ወደ ፖርት ሱዳን ዞሩ፤ ከሰፈሩ የቻለው ወደ መተማ፥ ወደ ጁባ፥ ወደ ካምፓላና ወደ ካይሮ ተሰደደ፤ ያልቻለው በዚያው ቀረ። የሱዳን ጦር ዋና ከተማዋን መልሶ የያዘው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በዩጋንዳ፥ በኬንያና በደቡብ ሱዳን የመሥሪያ ቤት ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። በዐረብኛ ዐሥር ዓመት እንጀራውን ያገኘ ሰው ዛሬ በካምፓላ ወይም በጁባ ሥራውን በእንግሊዝኛ መለመን ግድ ሆኖበታል። ይህን ትምህርት ከቅንጦት የሚለየውም ይኸው ነው።

2ኛ. እንግሊዝኛም ሰምና ወርቅ አለው

በእኛ ቋንቋ «የእንጀራ ገመዱ ተበጠሰ» ቢባል፥ ገመድም እንጀራም የለም፤ ሰውየው ሥራውን ማጣቱን ነው የምንረዳው። «ሥራ ፈታ» ሲባልም የታሰረ ነገር የፈታ አይደለም። የውጭ ሰው ይህን ቃል በቃል ቢተረጉም ያስቀናል። እንግሊዝኛውም እንዲሁ ነው። ለምሳሌ እነርሱ የመተዳደሪያ ሥራን «ብሬድ ኤንድ በተር» ይሉታል፤ ዳቦና ቅቤ ማለት ነው፤ ከእኛ «እንጀራ» ጋር አንድ ሐሳብ አለው። እንዲህ ያለው ሲገጥም ሰሙን ይዞ መሟገት ሳይሆን ወርቁን መፈለግ ይገባል።

ከዚህ ቀጥሎ አንድ ሕግ እናስቀምጣለን፤ ትምህርቱ ሁሉ በእርሱ ላይ ይቆማል። የዘወትሩን እንግሊዝኛ ለመስማት እንማረው እንጂ በጥያቄው ቀን ለመናገር አንቸኩል። ጠያቂው «ጎና» ቢል «ጎይንግ ቱ» ማለቱ ነው፤ «ዋና» ቢል «ዋንት ቱ» ማለቱ ነው፥ የእኛ «ዋና» አይደለም፤ «ያ» ቢል «የስ»፥ «ኖፕ» ቢል «ኖ» ማለቱ ነው። እርሱ የቤቱ ጌታ ስለ ሆነ እንደ ወደደ ይናገራል። የተጠየቀው ሰው ግን ጠርቶ በሚሰማ፥ አጭርና ትሑት በሆነ እንግሊዝኛ ቢመልስ የሚጎዳው ነገር የለም።

3ኛ. ሥራ ሲፈለግ የሚሰሙ ቃላት

«ጆብ ሀንቲንግ» ሥራ ፍለጋ ነው፤ ቃሉ ማደን ይላል። «ኦፕኒንግ» ክፍት የሥራ ቦታ ማለት ነው። «ወርድ ኦፍ ማውዝ» ማስታወቂያ ሳይወጣ ከሰው ወደ ሰው በአፍ የሚደርስ ወሬ ነው። የሥራ ታሪክ የሚጻፍበትን ወረቀት እንግሊዞች «ሲቪ»፥ አሜሪካኖች «ሬዙሜ» ይሉታል፤ ሁለቱም አንድ ናቸው።

«ጌት ዩር ፉት ኢን ዘ ዶር» ሲባል ቃሉ እግርህን በበሩ አስገባ ይላል፤ ወርቁ ግን፥ ሥራው ትንሽ ቢሆንም ግባበት፥ ከገባህ በኋላ ወደ ተሻለው ትደርሳለህ ማለት ነው። «ፑል ስትሪንግስ» ገመድ መሳብ አይደለም፤ ባለሥልጣን ዘመድን ወይም ወዳጅን ይዞ ነገርን ማስፈጸም ነው፤ የእኛው «ሰው አለው» የምንለው ነገር መሆኑ ነው። በጥያቄ ጊዜ በዚህ ቃል መመካት አይገባም፤ በእንግሊዝኛ የነቀፋ ሽታ አለውና። «ሪፈረንስ» ግን ከዚህ የተለየ ነው። ይኸውም ቀድሞ ያሠራ ሰው ስለ ሠራተኛው ጠባይና ችሎታ የሚሰጠው ምስክርነት ነው፤ ስሙንና ስልኩን ፈቃዱን ጠይቆ ማቅረብ የተፈቀደና የሚጠበቅ ነው።

4ኛ. በጥያቄው ጊዜ

ጠያቂው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው «ቴል ሚ አባውት ዩርሰልፍ» በማለት ነው። ስለ ራስህ ንገረኝ ማለት ነው። የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ ከተወለደበት አገር፥ ከአባቱ ስምና ከወንድሞቹ ብዛት ይጀምራል። የተፈለገው ግን ይህ አይደለም። የተፈለገው ምን ሥራ እንደሚያውቅ፥ የት ምን ያህል ዓመት እንደ ሠራና ይህን ሥራ ለምን እንደ ወደደ ነው። በአራት ዐረፍተ ነገር ቢነገር ይበቃል። ለምሳሌ አንድ ሾፌር «አይ ኣም ኤ ድራይቨር። አይ ድሮቭ ፎር ኤይት ይርስ ኢን ካርቱም። አይ ኖው ስሞል ካርስ ኤንድ ትራክስ። አይ ስፒክ አምሃሪክ፥ አረቢክ ኤንድ ሰም ኢንግሊሽ» ቢል ምንም የጎደለ የለበትም።

«ዋክ ሚ ስሩ ዩር ሲቪ» ቢባል ተነሥቶ መሄድ አያስፈልግም፤ የሥራ ታሪክህን በተራ አስረዳኝ ማለት ነው። «ሀንድስ ኦን» በእጁ የሠራ፥ በወሬ ሳይሆን በሥራ የሚያውቅ ማለት ነው። «ቲም ፕሌየር» ከሌሎች ጋር ተስማምቶ የሚሠራ፥ «ሰልፍ ስታርተር» ጭቅጭቅ ሳይፈልግ ሥራውን ራሱ የሚጀምር ነው። «ዌር ሜኒ ሃትስ» ብዙ ባርኔጣ መልበስ ሳይሆን፥ አንድ ሰው ሁለትና ሦስት ዓይነት ሥራ ደርቦ መሥራት ነው። ይህን ሲሰማ ሥራዎቹ የትኞቹ እንደ ሆኑ በትሕትና መጠየቅ ይገባል፤ በወጥ ቤትነት የተቀጠረች እኅት ልብስ አጣቢም ሞግዚትም ሆና የምትገኘው ይህን ሳትጠይቅ ስትቀር ነው።

ደመወዝን በተመለከተ «ጊቭ ሚ ኤ ቦልፓርክ ፊገር» የሚል ጠያቂ አለ። ቃሉ ከአሜሪካኖች የኳስ ሜዳ የመጣ ሲሆን፥ ትርጉሙ በግምት ስንት ትፈልጋለህ ማለት ነው። «ያየኸውን ስጠኝ» የሚለው የእኛ ጨዋነት በዚህ ስፍራ ይጎዳል። አስቀድሞ በዚያ ከተማ ለዚያ ሥራ የሚከፈለውን ጠይቆ፥ ከዚህ እስከዚህ ብሎ መመለስ ይሻላል። የሚጠራውም ቁጥር በወር ይሁን በሳምንት፥ በየትኛው አገር ገንዘብም እንደ ሆነ መለየት አለበት።

በመጨረሻ «ዊ ዊል ሌት ዩ ኖው» ወይም «ዊ ዊል ኪፕ ዩ ፖስትድ» ይባላል፤ እናስታውቅሃለን ማለት ነው። ይህ ተቀጠርህ ማለት አይደለም፥ ተጣልህ ማለትም አይደለም። በካርቱም «ኢንሻአላህ ቡክራ» ሲባል የሰማ ሰው ጠባዩን ያውቀዋል፤ ተስፋ ነው እንጂ ውል አይደለም። «ዶንት ኮል አስ፥ ዊ ዊል ኮል ዩ» ከተባለ ግን፥ አትደውል ማለት ስለ ሆነ ሌላ ሥራ መፈለጉን አለማቋረጥ ነው። «ዩ ጎት ኢት» ወይም «ዩ አር ሃየርድ» ከተባለ ተቀጥረሃል ማለት ነው። ወዳጅ ከጥያቄው በፊት «ብሬክ ኤ ሌግ» ቢል እግርህ ይሰበር ብሎ መርገሙ ሳይሆን ይቅናህ ማለቱ ነውና አይቀየሙት።

5ኛ. ከቃል ይልቅ የሚያሰናክሉ ልማዶች

አንደኛው የ«አዎ» እና የ«አይደለም» ነገር ነው። በአማርኛ «መንጃ ፈቃድ የለህም?» ብንባል፥ ከሌለን «አዎ፥ የለኝም» እንላለን። በእንግሊዝኛ ግን «ዶንት ዩ ሃቭ ኤ ላይሰንስ?» ለሚለው፥ ከሌለ መልሱ «ኖ፥ አይ ዶንት»፥ ካለ ደግሞ «የስ፥ አይ ዱ» ነው። በአማርኛው ልማድ «የስ» ያለ ሰው ያለው ይመስላል፤ ኋላ ሲጠየቅ ውሸታም ሊባል ይችላል። ስለዚህ በእንደዚህ ያለ ጥያቄ «የስ» ወይም «ኖ» ብሎ ማቆም አይበቃም፤ «አይ ሃቭ» ወይም «አይ ዶንት ሃቭ» የሚለውን ጨምሮ መናገር ስሕተቱን ያርቃል።

ሁለተኛው፥ በእኛ አገር እሺታን ትንፋሽን ወደ ውስጥ በመሳብ የምንገልጸው ነው። የውጭ ሰው ይህን አያውቅም፤ ሰውየው የደነገጠ ወይም የታመመ ይመስለዋል። በቃል «የስ» ማለት ይገባል።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። «ናይን ቱ ፋይቭ» የሚባለው የመሥሪያ ቤት የሥራ ጊዜ በእኛ አቈጣጠር ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ነው። እንግሊዞች «ሀፍ ናይን» ቢሉ 9 ሰዓት ተኩል፥ ማለት በእኛ 3 ሰዓት ተኩል ነው። «ግሬቭያርድ ሺፍት» የመቃብር ስፍራ ሥራ አይደለም፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚሠራበት የሌሊት ተራ ነው፤ ለዘበኝነት የሚቀጠር ወንድም ይህን ቃል ማወቅ አለበት።

አራተኛው ቀን ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በእነርሱ አቈጣጠር የተወለደው ዲሴምበር 21 ቀን 1997 ነው። 1990 ብሎ በቅጹ ላይ የሞላ እንደ ሆነ በብዕሩ ሰባት ዓመት አርጅቷል፤ ከፓስፖርቱም ጋር ካልተስማማ ነገር ይነሣበታል። አሜሪካኖች ወርን ከቀን ያስቀድማሉ፤ 5/4 እነርሱ ዘንድ ሜይ 4 ሲሆን እንግሊዞች ዘንድ ኤፕሪል 5 ነው። የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ይህን ጥርጥር ያስቀራል።

አምስተኛው የአክብሮት ነገር ነው። እንግሊዝኛ «አንተ»ንና «እርስዎ»ን በአንድ «ዩ» ይናገራል። አክብሮቱ ያለው «ፕሊዝ»፥ «ኩድ ዩ»፥ «ዉድ ዩ» በሚሉት ቃላትና በ«ሰር» ወይም «ማዳም» ላይ ነው። እኛ በመንደራችን ትልቅ ሰውን «ማዘር» «ፋዘር» እንላለን፥ ሴትን «ሲስተር» ብለን እንጠራለን። ይህ የፍቅር አጠራር ቢሆንም ለቀጣሪ አይሆንም፤ እንግሊዝ ዘንድ «ሲስተር» መነኵሲት ወይም የሐኪም ቤት አስታማሚ ናትና። ስሟን ከነማዕርጓ መጥራት ይበቃል።

ስድስተኛው ትሕትና ነው። «ይህን ሥራ ትችላለህ?» ሲባል የእኛ ጨዋ ሰው «እሞክራለሁ» ይላል፤ እጅግ የሚችለው ሰው ነው እንዲህ የሚለው። በእንግሊዝኛ «አይ ዊል ትራይ» ሲባል ግን እጠራጠራለሁ የሚል መልክ አለው። የሚችል ሰው «የስ፥ አይ ካን» ብሎ፥ የት እንደ ሠራው ቢጨምር ትዕቢት አይሆንበትም። የማይችለውን ግን «አይ ሃቭ ኖት ዳን ኢት፥ ባት አይ ካን ለርን» ማለት ያስከብራል እንጂ አያሳፍርም።

6ኛ. መልካም የሚመስሉ አደገኛ ቃላት

ከዚህ ያለው ክፍል ከሁሉ የሚበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ካሽ ኢን ሃንድ» ገንዘብ በእጅ ማለት ስለ ሆነ ለችግረኛ ሰው ጆሮ ደስ ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ደረሰኝም የደመወዝ መዝገብም የለውም፤ ገንዘቡ የቀረበት ሠራተኛ መሥራቱን የሚያስረዳበት ወረቀት አይኖረውም። «ኦፍ ዘ ቡክስ» ከመዝገብ ውጭ፥ «አንደር ዘ ቴብል» ከጠረጴዛ በታች የሚሉትም ከሕግ ተሰውሮ የሚፈጸም ማለት ናቸው። ሰው ቸግሮት እንዲህ ያለውን ቢቀበል እንኳ፥ የሠራበትን ቀንና የተቀበለውን ገንዘብ በየዕለቱ በደብተሩ ይጻፍ፤ የሚያውቅ ምስክርም ይኑረው።

«ትራያል» የሙከራ ጊዜ ነው። ስንት ቀን እንደሚቆይና እንደሚከፈልበት አስቀድሞ ይጠየቅ፤ «ኢዝ ዘ ትራያል ፔይድ?» ማለት ይበቃል። «ሊቭ ኢን» በቀጣሪው ቤት እያደሩ መሥራት ነው። ሌሊትም የዕረፍት ጊዜ መኖሩን፥ «ዴይ ኦፍ» የተባለው የሳምንት ዕረፍት የትኛው ቀን እንደ ሆነ፥ ፓስፖርትም በማን እጅ እንደሚቀመጥ መጠየቅ ግድ ነው። ፓስፖርቷን የሰጠች እኅት እግሯን እንደ ታሰረች ትቁጠረው። «ኦን ኮል» በተጠራ ጊዜ ሁሉ ለመምጣት መዘጋጀት ነው። «ፋይን ፕሪንት» በውል ወረቀት ግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ቃል ሲሆን፥ ከባዱ ግዴታ የሚደበቀው ብዙ ጊዜ በዚያ ነው። ያልገባውን ወረቀት የሚፈርም ሰው የለም ብለን አናስብ፤ ችግር ያስፈርማል። ስለዚህ «ሜይ አይ ቴክ ኢት ሆም ኤንድ ሪድ ኢት?» ብሎ ለአንድ ሌሊት መለመን ይገባል። ይህን የሚከለክል ቀጣሪ ጠባዩን ገና ሳይቀጥር ገልጧል።

ወደ ሩቅ አገር እንልካለን የሚሉ ደላሎችም በዚሁ የዘወትር እንግሊዝኛ ይናገራሉ። «ኖ ስትሪንግስ አታችድ» ማለት ያለ ምንም ግዴታ ማለት ነው፤ ቃሉ እንዲህ ቢልም ቀጥሎ ገንዘብ ከተጠየቀ ቃሉና ሥራው አልተስማሙም። በአገራችን በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የመግቢያ ቪዛን፥ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትን፥ የሥራ ፈቃድንና የመድን ዋስትናን ወጪ በአሠሪው ላይ ጥሎ ነበር። በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሽሏል። ሕግ ይለዋወጣልና፥ ገንዘብ ከመክፈል በፊት በሥራ ላይ ያለውን ድንጋጌ ከወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ነው።

7ኛ. ከሥራ መውጣትን የሚገልጹ ቃላት

አዲሱ ቀጣሪ «ዋይ ዲድ ዩ ሊቭ ዩር ላስት ጆብ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከቀድሞው ሥራህ ለምን ወጣህ ማለት ነው። የዚህ መልስ አንድ ቃል ሰውን ያስቀጥራል ወይም ያስጥላል።

«ፋየርድ» እና «ጎት ዘ ሳክ» የሚሉት ተባረረ ማለት ናቸው፤ ሁለቱም የሠራተኛውን ጥፋት ያሳስባሉ። ሁለተኛው ቃል ሠራተኛው የመሣሪያ ከረጢቱን ተሸክሞ ከመሄዱ እንደ መጣ ይነገራል። «ሌይድ ኦፍ» ግን ሥራ በመቀነሱ ወይም ድርጅቱ በመዘጋቱ የተሰናበተ ማለት ነው፤ ነውር የለበትም። «ሌት ጎ» በሁለቱም ስፍራ የሚገባ የማለሳለሻ ቃል ነው። «ኩዊት» ወይም «ሪዛይንድ» በገዛ ፈቃዱ የተወ ነው።

በካርቱም ጦርነት ምክንያት ሥራውን ያጣ ወገናችን «አይ ዎዝ ፋየርድ» ቢል፥ ባልሠራው ጥፋት በገዛ አፉ ይመሰክራል። የእርሱ እውነተኛ መልስ «ዘ ኦፊስ ክሎዝድ ቢኮዝ ኦፍ ዘ ዋር ኢን 2023» የሚለው ነው፤ መሥሪያ ቤቱ በ2023 በጦርነቱ ምክንያት ተዘጋ ማለት ነው። የምስክር ወረቀቱ በቤቱ ተቃጥሎ ወይም ተዘርፎ ከሆነ «ማይ ፔፐርስ ዌር ሎስት ኢን ዘ ዋር» ብሎ፥ ቀድሞ ያሠራውን ሰው ስልክ ወይም ኢሜይል ቢያቀርብ፥ አስተዋይ ቀጣሪ አይንቀውም። ከዚያም በኋላ ያለፉትን የሥራ አልባነት ወራት መደበቅ አያስፈልግም። በመንገድ ላይ መሆኑን፥ ቤተ ሰቡን ማውጣቱን፥ በዚያ ጊዜም ያገኘውን ጥቃቅን ሥራ በቀጥታ ይናገር።

8ኛ. የአጠናን ዘዴ

በአሥመራ ከ1943 እስከ 1977 በነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ የተቀጠሩ የአገር ሰዎች የዘወትሩን እንግሊዝኛ የሰሙት በወጥ ቤት፥ በመጋዘንና በመኪና መጠገኛ እየሠሩ ነበር። ዛሬ ያን ዕድል የሚያገኝ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ልምምዱን በቤት መፍጠር ይቻላል።

መጀመሪያ አንድ ደብተር በሦስት ተከፍሎ ይሰመር። በአንደኛው የተሰማው ቃል፥ በሁለተኛው ቃሉ በቀጥታ የሚለው፥ በሦስተኛው ወርቁ ይጻፍ። በቀን ሦስት ቃል ቢያዝ በወር ዘጠና ይሆናል። ቀጥሎ ሁለት ወዳጆች በዕረፍት ቀን ተቀምጠው አንዱ ጠያቂ፥ ሌላው ተጠያቂ ይሁኑ፤ ኋላም ይለዋወጡ። መልስን እንደ ዳዊት በቃል መሸምደድ አይጠቅምም፤ ጥያቄው ጥቂት በተለወጠ ጊዜ ይጠፋልና፥ ሐሳቡን ይዞ ቃሉን መለዋወጥ ይልመዱ። ቢቢሲ በ1943 በሬዲዮ የጀመረው የእንግሊዝኛ ትምህርት ዛሬ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይገኛል፤ ስልክ ያለው ሰው በቀን ሩብ ሰዓት ቢያዳምጥ ጆሮው ይከፈታል።

ያልገባ ነገር ሲመጣ ራስን መነቅነቅ ትልቅ ጉዳት ነው። «ሶሪ፥ ኩድ ዩ ሰይ ዛት አጌን፥ ፕሊዝ?» ማለትን ከሁሉ አስቀድሞ ይያዙ፤ እባክዎ ይድገሙልኝ ማለት ነው። አሁንም ካልገባ «ዋት ዳዝ ዛት ሚን?» ይባላል። ጠይቆ የተረዳ ሠራተኛ፥ ሳይገባው «የስ» ብሎ ሥራ ካበላሸው ይልቅ ይመረጣል።

9ኛ. ለቀበሌና ለወረዳ ሹማምንት

ከሱዳን የተመለሱ ሰዎች በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ሲጠኑ ይታያሉ። ብዙዎቹ ሙያ አላቸው፤ ዐረብኛ ይናገራሉ፤ የጎደላቸው ወረቀት ነው። ሹሙ ያለ ገንዘብ ወጪ ሊያደርግላቸው የሚችል ሦስት ነገር አለ። አንደኛ፥ የነዋሪነትና የልደት ማስረጃ ሲሰጥ ዘመኑን በሁለቱም አቈጣጠር መጻፍ። ሁለተኛ፥ በወረዳው ሥር ለጊዜውም ቢሆን የሠራ ሰው ሲሰናበት የሥራ ልምድ ወረቀቱን ሳያጉላሉ መስጠት፤ በዚያም ወረቀት ላይ የወጣበትን ምክንያት ለይቶ መግለጥ፤ ጊዜው አልቆ የወጣውን «ተሰናበተ» ብሎ ብቻ መተው ያስጠረጥራልና። ሦስተኛ፥ በትምህርት ቤት ያሉ የእንግሊዝኛ መምህራን በሳምንት አንድ ማታ ክፍሉን ከፍተው ሥራ ፈላጊዎችን እንዲያለማምዱ መፍቀድ። አንድ ጥቁር ሰሌዳና አንድ መብራት ይበቃል።

ለሥራ ፈላጊውም የመጨረሻ ቃላችን ይህ ነው። በሰው አገር ቋንቋ መናገር ለማንም ቀላል አይደለም፤ ጠያቂውም በአማርኛ ቢጠየቅ አንድ መልስ ባልተገኘለት ነበር። በካላክላ ዐረብኛን ያለ መምህር፥ ከጎረቤትና ከገበያ የተማረ ሰው ሁለተኛውንም ለመማር አእምሮ አላነሰውም። ዛሬ ማታ ደብተሩን ያስምር፤ ከዚህ ገጽ ያገኛቸውን ሦስት ቃላት ይጻፍ፤ ነገ ከወዳጁ ጋር ይለማመዳቸው።